ሆድ ያወጣ ግንብና ነሐሴ ላይ የማይዘጋ በር

ጥያቄው ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ቤት ካላቸው አንባቢ የመጣ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የድንጋይ መደገፊያ ግንባቸው ሆድ አውጥቷል። ስንጥቁ ሁለት ጊዜ ተለስኖ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። ከግንቡ አናት ያለው የብረት በር ነሐሴ ላይ አልዘጋ ይላል፤ ጥር ላይ ማንም ሳይነካው ይስተካከላል። «ግንቡን በፌሮ ላጠናክረው?» ይላሉ።

እህቴ፣ እኔ ከበሩ ነው የምጀምረው። ክረምት ተነክሶ በጋ የሚለቅ በር፣ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ እያበጠ ሲደርቅ እየተኮማተረ መሆኑን ይነግረኛል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የቆመው በዚህ ጥርጣሬ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከግንቡ ግርጌ አይቆፈር፤ ልጆችም ከሥሩ አይጫወቱ።

አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ ስሎ ያሳየኝን ልንገርዎ። በአርክቲክ፣ በምድር ሰሜናዊ ጫፍ ባሉ ተዳፋቶች፣ ከታች ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደሠራ ይኖራል፤ በበጋ የሚቀልጠው የላይኛው ንጣፍ ብቻ ነው። ውሃው ወደ ታች መስረግ ስለማይችል አፈሩ እንደ ቀጠነ ሊጥ ይሆናል። ብርዱ ሲመለስ በውስጡ በረዶ ይጋገርና አፈሩን ያነሣዋል። የሚያነሣው ግን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ሳይሆን ለተዳፋቱ ፊት ቀጤ ነክ ሆኖ፣ ማለትም ትንሽ ወደ ቁልቁለቱ አዝምሞ ነው። ሲቀልጥ በክብደቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ወደተነሣበት አይመለስም። በየዙሩ አንዲት እርምጃ። ሁለትና ሦስት ዲግሪ ብቻ ባዘነበለ፣ ዓይን ሜዳ በሚለው ቦታ እንኳ ይሄዳል። ስዊድናዊው ጂኦሎጂስት ዮሃን ጉናር አንደርሾን እ.ኤ.አ. በ1906 ለዚህ ዓይነቱ የአፈር ጉዞ «ሶሊፍላክሽን» የሚል ስም አወጣለት። በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ፣ ሜስተርስ ቪግ ላይ፣ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ባዘነበሉ ተዳፋቶች ሲለካ በበጋ የሚደርቀው አፈር በዓመት 0.9 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ርሶ የሚከርመው ደግሞ 3.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተጉዟል።

እዚህ አዲስ አበባ እንዲህ በረዶ የሚጋገርበት መሬት የለም፤ የበረዶውን ሥራ የሚሠራው ሸክላማው አፈር ነው። ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ይራመዳል። ፌሮውን ይተዉትና ውሃውን ያስወጡት።

መጀመሪያ ጥርጣሬዬን ይፈትኑት። ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ ጀሶ ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት፤ ግንቡ ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰነጠቃል። ከአናቱ በወጣ እንጨት ላይ ቱንቢ ሰቅለው ከገመዱ እስከ ሆዱ ያለውን ርቀት ይመዝግቡ። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ይመልከቱ፤ ከዞረ የተቀበረ ቧንቧ አፈሩን እያጠጣው ነው።

ልስኑን የሠራው ሰው ሊያፍር ይገባል። በላኩልኝ ፎቶ ላይ የድሮዎቹ ግንበኞች የተዉት የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ምልክት ይታያል፤ በልስን ደፍኖታል። ቀዳዳ የሌለው መደገፊያ ግንብ ግድብ ነው። ልስኑን አራግፈው ይክፈቱት። በቂ ካልሆነ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው በየሜትር ተኩሉ ይሰርስሩና 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው ያስገቡ። ጣት ሲጫነው የሚሰረጉደውን ርካሽ ቱቦ ግን አደራ እንዳይገዙ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከግንቡ ጀርባ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በግንቡ ርዝመት አንድ ሜትር ተኩል ብቻ እየከፈቱ በጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ) የተጠቀለለ ንጹሕ ጠጠር ይሙሉ። አፈር የተቀላቀለበት ገረጋንቲ ጠጠር አይደለም፤ ሻጩ ቢምልም። አንዱ ሳይሞላ ሌላው አይከፈት፤ ጉድጓዱ ከወገብ ካለፈም በጣውላ ሳይደገፍ ሰው አይግባበት። የአሸንዳውን ውሃ በቦይ ከግንቡ ያርቁት።

ደግሜ እላለሁ፤ ከግርጌው አይቆፈር። «መሠረቱን ልይ» ብሎ አንድ ክንድ የቆፈረ ሰው አውቃለሁ፤ ግንቡ ያንኑ ሌሊት ወረደ።

ጀሶው በበጋም ከተሰነጠቀ ምክሬ አይበቃም፤ መሐንዲስ ይጥሩ፤ እስከዚያው ከግንቡ ሥር ባለው ክፍል ሰው አይደር። በሩን ግን አያስሞርዱት። በመጪው ነሐሴ ሥራው መያዙን የሚነግረን እሱ ነው።