የደም ሕመም እግር ሲያስር፦ ጥያቄና መልስ

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ድሬዳዋ ነው። የደም ሕመም ሕብለ ሰረሰርን (በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ) ሲጫን ስለሚሆነው ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት፣ በመጣልኝ ተራ እመልሳለሁ።

ከሳቢያን፦ ዶክተር፣ ደምና ጀርባን ምን አገናኛቸው?

መቅኔ። ደም የሚሠራው እዚያ ነው። እንደ ታላሴሚያ ባለ በዘር በሚወረስ ደም ማነስ ቀዩ የደም ሴል ሳይበስል ስለሚጠፋ፣ ሰውነት ጨምር ጨምር ይላል። መቅኔው አልበቃ ሲለው ደም ማምረት ከአጥንት ውጭም ይጀመራል፦ ጉበት፣ ጣፊያ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አከርካሪ አጠገብ፣ በተለይ ደረት አካባቢ። እብጠቱ ካንሰር አይደለም። ግን የአከርካሪ ቦይ ጠባብ ነው። በጁገል ቀጭን መንገድ ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች ፊት ለፊት ሲገጥሙ አንዷ ግድግዳው ላይ ትለጠፍ የለ? ሕብለ ሰረሰሩም እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ከሐረር፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ መልቲፕል ማይሎማ የሚባል የመቅኔ ካንሰር አለባቸው። ጀርባቸውን ካመማቸው ሁለት ሳምንት ሆነ። ከትናንት ጀምሮ ነጠላ ጫማቸው ከእግራቸው ሲወልቅ አይታወቃቸውም። ወጌሻ ጋ ልውሰዳቸው?

አይሆንም እህቴ! አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ማይሎማ አጥንት ያሳሳል፤ ማሸት ሊሰብረው ይችላል። ለተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የምትነግሪው ማይሎማ እንዳለባቸውና እግራቸው እንደደነዘዘ ነው፤ «ጀርባ ሕመም» ብቻ ካልሽ ወረፋ ትጠብቂያለሽ። ኤምአርአይ ያስፈልጋቸዋል። እብጠት የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ዴክሳሜታዞን፣ ቶሎ ይጀመራል፤ ከዚያ ጨረር ወይም ቀዶ ጥገና ይከተላል። ነገ መራመዳቸውን በአብዛኛው የሚወስነው ሕክምናው ሲጀመር እግራቸው ምን ያህል ይንቀሳቀስ እንደነበር ነው።

ከከዚራ፦ ኤክስሬዬ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ይበቃኛል?

አይበቃም። ኤክስሬይ ሕብለ ሰረሰሩን አያሳይም።

ከመጋላ፦ ታላሴሚያ አለብኝ፤ ሐኪሙ ግን የአከርካሪ ቲቢ ጠረጠረ።

መጠርጠሩ ልክ ነው፤ እኛ አገር ቲቢው ይበዛል። ብቻ ናሙና በመርፌ ከመወሰዱ በፊት ታላሴሚያህን አስታውሰው፤ ከአጥንት ውጭ ደም በማምረት የሚመጣው ያ እብጠት ከሆነ፣ ደም የሞላበት ስለሆነ ሲነካ ሊደማ ይችላል። ቲቢ ሳይሆን ያ እብጠት ሆኖ ከተገኘም ቢላዋ የግድ አይደለም። ደም መውሰድ ብቻውን የሚያሳንሰው ጊዜ አለ፤ ሰውነቱ ጨምር ማለቱን ይተዋላ። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው መድኃኒትና አነስተኛ ጨረርም አሉ።

ከገንደ ቆሬ፦ ጫት ያመጣዋል?

አቦ፣ አያመጣውም። በምርቃና ሕመሙን ረስተህ ቀን እንዳታሳልፍ ብቻ።

ከሐረር፣ ድጋሚ፦ ዶክተር፣ ደርሰናል። መጨረሻ የሸኑት መቼ ነው እያሉኝ ነው፤ ከማታ ወዲህ አልሸኑም።

እሱን በግልጽ ንገሪያቸው፤ ፊኛቸው ሞልቶ ሊሆን ስለሚችል ቱቦ ያስገቡላቸዋል። ልብስ አቀብዪና ከአልጋው አትራቂ።