ባይተዋርነት ለሚሰማችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የገፋሁት በምክር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የወጣቶችን ጭንቀት በማዳመጥ ነው። የሚመጡበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ትምህርት አልገባኝ አለ ይላል፤ ሌላዋ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ ትላለች፤ ሌላው አዲስ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በየማለዳው ሆዱን ይቆርጠዋል። ትንሽ ተጫውተን ልብ ሲከፈት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የማገኘው አንድ ነገር ነው፦ «አብሬያቸው እውላለሁ፤ ግን ከእነሱ እንደ አንዱ አይደለሁም።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ያፍሩበታልና።

ሐፍረቱን መጀመሪያ አውርዱት። ሰው ወገን መፈለጉ ድክመት አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ አብርሃም ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ ሲያስቀምጥ፣ መወደድንና ከሌሎች ጋር መሆንን የሰደራቸው ከምግብና ከደኅንነት ቀጥሎ ነው። ሮይ ባውማይስተርና ማርክ ሊሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ይህ ፍላጎት ከሰው ተፈጥሮ ጋር የመጣ መሠረታዊ ግፊት መሆኑን ሰፊ ማስረጃ ሰብስበው አሳዩ። ነገሩ የስሜት ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው። ተመራማሪዋ ጁሊያን ሆልት ሉንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 148 ጥናቶች አንድ ላይ መረመሩ። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ደካማ ግንኙነት ካላቸው በ50 በመቶ በልጦ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚቸገር ገልጿል። እንግዲህ ይህን ያህል ሰው የሚሰማውን ነገር ለብቻችሁ እንደ ነውር አትሸከሙት።

መገለል ሲያማችሁም ሆደ ባሻ ሆኜ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የተባለ ተመራማሪ ሰዎችን በኮምፒውተር ላይ ኳስ የመቀባበል ጨዋታ ያጫውት ነበር። ትንሽ ከተቀባበሉ በኋላ ኳሱ ወደ አንዱ ተጫዋች መምጣቱን ያቆማል። ሌሎቹን አይቷቸው አያውቅም፤ የሚያጣውም ነገር የለም። ያም ሆኖ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስሜቱ ይጎዳል። የሚጫወተው ከሰው ጋር ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ጋር መሆኑ አስቀድሞ የተነገረው እንኳ አልቀረለትም።

ብቸኝነት እንደ ረሃብ ነው፤ የጎደለውን ሂድና ፈልግ ብሎ የሚቀሰቅስ ነው። ችግሩ ሲቆይ ነው። ብዙ ዘመኑን ብቸኝነትን በማጥናት ያሳለፈው ጆን ካቾፖ እንዳሳየው፣ ብቻውን የቆየ ሰው የሌሎችን ፊት በጥርጣሬ ማንበብ ይጀምራል። ክፉ ባልታሰበበት ቦታ ክፉ ያያል፤ ስለዚህም ይሸሻል። ሲሸሽ ደግሞ ሰዎቹ አልፈለገንም ብለው ይተዉታል።

ይህን አንዲት ወጣት ስታሳየኝ አይቻለሁ። ስልኳን ከፍታ የቡድናቸውን የመልእክት ገጽ ዘረጋችልኝ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንገናኘው?» ብላ ጠይቃለች፤ ሁሉም አይተውታል፤ ማንም አልመለሰላትም። «ይኸው፣ አይፈልጉኝም» አለች። ወደ ላይ እየሳበች የሌሎቹንም ጥያቄዎች እንድታይ ለመንኳት። አንዱ መልስ አላገኘም፤ ሌላውም እንዲሁ። ከሁሉ ይበልጥ ይወደዳል የምትለው ልጅ የጠየቀውም ሳይመለስ ቀርቷል። ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። እኔም ምንም አልጨመርኩ።

አዲስ ቦታ የገባችሁ ሁሉ ይህን አስቡ። ግሬጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ሰብስበው፣ ነባር ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ እንዴት ባይተዋር እንደነበሩና ያ ስሜት ከጊዜ ጋር እንዴት እንደለቀቃቸው የሚናገሩበትን ጽሑፍ አስነበቧቸው። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ገደማ ነው የፈጀው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በዚያ ግቢ ቁጥራቸው ያነሰ የነበረው የጥቁር ተማሪዎች የትምህርት ውጤት በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ተሻሽሏል። ማንም አላስጠናቸውም። የተነገራቸው «ይህ የሚሰማህ አንተን ብቻ አይደለም፤ ያልፋልም» የሚል ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነገሬ ላይ ደረስኩ። አብዛኞቻችሁ ወገንን የምትፈልጉት እንደ ጠፋ ዕቃ ነው። አንድ ቦታ ትሄዳላችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ልባችሁ ካልሞቀ «ይህም የእኔ ቦታ አይደለም» ብላችሁ ትወጣላችሁ። ወገን ግን ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ በመመላለስ የሚሠራ ነው። ጄፍሪ ሆል የተባለ የተግባቦት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ የምናውቀው ሰው ተራ ጓደኛ እስኪሆን 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ እስኪባል 90 ሰዓት ገደማ፣ የልብ ወዳጅ እስኪሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍን እንደሚጠይቅ ገምቷል። ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ አልሆነልኝም ያለ ሰው ገና ምኑም አልተያዘም።

ስለዚህ አንድ ቦታ ምረጡ። ያው ሰዎች በታወቀ ቀን የሚገናኙበት ይሁን፤ የጥናት ቡድንም ይሁን መዘምራን፣ የስፖርት ቡድንም ይሁን የበጎ ፈቃድ ሥራ። ደስ ባላላችሁ ቀንም ሂዱ። ከሁሉ በላይ ግን ሥራ ያዙ። ንግግር የማይሆንለት አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ በስብሰባ ላይ ከጥግ ተቀምጦ ወለሉን ነበር የሚያየው። ወንበር መደርደሩን ለእሱ እንዲተዉለት ጠየቀ። ወንበር የሚደረድር ሰው ቀድሞ ይመጣል፣ የሚገቡትን አንድ በአንድ ይቀበላል፣ ስንት ሰው ይመጣል ተብሎ ይጠየቃል። ሁለት ሳምንት ታሞ ሲቀር የቡድኑ መሪ ደወለለት። «ቀረህብን» መባልን ከዚያ በፊት ሰምቶት እንደማያውቅ ነግሮኛል። መወደድን ስትጠብቁ አትቀመጡ፤ የምትጠቅሙበትን ፈልጉ።

በስልክና በኢንተርኔት የሚገኝ ወዳጅነትንም አልንቅም። ማንም በአቅራቢያው የማይረዳውን ሕመም ወይም ዝንባሌ የተሸከመ ሰው እዚያ ወገን አግኝቶ ሲተነፍስ አይቻለሁ። መለኪያው ያው ነው፦ ብትጠፉ የሚፈልጋችሁ አለ ወይ?

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ወገን የተራበ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ቁመታቸው ግልጽ ሆኖ የሚታይ መስመሮችን ሰዎች በቡድን እንዲያነጻጽሩ ያደርግ ነበር፤ ሌሎቹ ከእሱ ጋር ተመካክረው ሆን ብለው ሲሳሳቱ፣ ከተፈተኑት ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንዴ ዓይናቸውን ትተው ቡድኑን ተከተሉ። እውነቱን የሚናገር አንድ ሌላ ሰው አብሯቸው ሲኖር ግን መከተሉ እጅግ ቀነሰ። ከቀድሞ ወዳጆቻችሁና ከቤተሰባችሁ እንድትለዩ የሚገፋፋችሁ፣ ታማኝነታችሁን ሌላውን በመጥላት የሚለካ ስብስብ ሲያጋጥማችሁ፣ ምንም ያህል ሞቅ አድርጎ ቢቀበላችሁ ውጡ። ለብቻ መውጣት ከከበዳችሁ እንደ እናንተ የሚጠራጠር አንድ ሰው ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም።

ቀድማችሁ ገብታችሁ ወንበራችሁን ለያዛችሁ ደግሞ ይህን እለምናለሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ እንኳን ደህና መጣህ ብላችሁ ወደ ጨዋታችሁ አትመለሱ። የምትስቁበትን ነገር መነሻውን ንገሩት። ሲወጣ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ራሳችሁ ንገሩት፤ ይጠይቃል ብላችሁ አትጠብቁ፣ አይጠይቅም። ተመልሶ ሲመጣ በስሙ ጥሩት፤ የሚሠራውም ሥራ ስጡት።