ሪፖርቱን ጽፌያለሁ፣ ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሐረር የራዲዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዲዩቲ ነበርኩ። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ፣ ደንገጎ ላይ ከተገለበጠ አይሱዙ የወጣ ልጅ መጣ። እግሩ ተሰብሯል። ደረቱን እንደተኛ ራጅ ተነሳ። ፊልሙ መጀመሪያ ደህና መሰለኝ፤ ደግሜ ሳየው ግን በቀኝ በኩል ሳንባና ድያፍራም የሚገናኙበት ጥግ ከግራው ይልቅ ወደ ታች ጠልቋል፣ ጠቁሯልም። ትንሽ ኒሞቶራክስ፣ ማለትም ከሳንባው ውጭ ደረት ውስጥ የተጠራቀመ አየር ነው ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ካርዱ ውስጥ ከትቼ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄድኩ፣ ሰልፉ በር ድረስ ነበር። ለማንም አልደወልኩም።

ጠዋት ልጁ ለእግሩ ኦፕሬሽን ኦአር (ኦፕሬሽን ክፍል) በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ሰመመን የሚሰጠው አኔስቴቲስት ካርዱን ሲያገላብጥ ሪፖርቴን ያየው። አየሩን የሚያወጣ ቱቦ፣ ቼስት ቲዩብ፣ ደረቱ ውስጥ ገባለት፣ አሁን ደህና ነው። እኔን ግን ኮንሰልታንታችን (የበላይ ሐኪማችን) ሞርኒንግ፣ የጠዋት ስብሰባችን ላይ ሰው ሁሉ ፊት «ለማን ነገርሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስድስት ነጥብ ባለው የኢቫሉዌሽን ቅጽ ላይም «ተግባቦት» የሚለው ጋ ዝቅተኛውን ሞላልኝ። ሌላው ያላየውን አይቻለሁ እኮ! ራዲዮሎጂን የመረጥኩት ከሰው ይልቅ ምስል ስለሚቀለኝ ነው። ስልክ መደወልም የኔ ሥራ ነው? ወይስ ሰውየው ጠምዶኛል?

ዲዩቲ ያንገሸገሻት፣ ከሐረር

መልስ፦

አቦ፣ መጀመሪያ እንኳን ልጁ ተረፈ። «አንቺ» ስልሽ አትቀየሚ፣ የድሬ ሰው ነኝ፣ አንቱታ አፌ ላይ አይመጣም።

ፊልሙን ጎበዝ አንብበሻል። ሰው ተኝቶ ሲነሳ አየሩ እንደ ቆመ ሰው ወደ ሳንባው ጫፍ አይወጣም፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ነው የሚሄደው። ያንን የጠለቀ ጥግ ስንት ዓመት የሠራ ሰው ያልፈዋል። እኔም አልፌዋለሁ።

ሰውየው ግን አልጠመደሽም። ያን ልጅ ያለ ቲዩብ ሰመመን ሰጥተውት በማሽን አየር ቢገፉለት፣ ያቺ ትንሽ አየር በደቂቃዎች ውስጥ አብጣ ልቡን ልትገፋ ትችል ነበር። ይሄን አንቺ ታውቂያለሽ። እግሩን ብቻ እያየ ለኦፕሬሽን ያዘጋጀው ኢንተርን ደግሞ ገና ያንን ወረቀት አላነበበም። የሚያውቀው ሰው አልተናገረም፣ የሚወስነው ሰው አልሰማም። በመካከላችሁ ካርድ ውስጥ የታጠፈች አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች።

ስድስቱ ነጥቦች ማንም ከኪሱ ያወጣቸው አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ የስፔሻሊቲ ሥልጠናን የሚቆጣጠረው አካል በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው ናቸው፦ የበሽተኛ እንክብካቤ፣ ዕውቀት፣ ከራስ ሥራ መማር፣ ተግባቦት፣ ሥነ ምግባር፣ የጤና ሥርዓቱን አውቆ መሥራት። ዕውቀት ከስድስቱ አንዷ ናት። እኛ ግን ፈተና ላይ የምትመጣው እሷ ስለሆነች ሌሎቹን የቅጽ ማሟያ አድርገናቸዋል።

ስለ ስልኩ እንነጋገር። እንዲህ ዓይነት ነገር ስታዪ፣ ሪፖርቱን ሳትጨርሺም ቢሆን ደውይ። ማን እንደሆንሽ፣ የበሽተኛውን ስምና የካርድ ቁጥር፣ ያየሽውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለምን እንደሚያስቸኩል። ከዚያ «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» በይው። ያስቃል፣ አውቃለሁ፣ ግን «ቀኝ» ያልሽው «ግራ» ሆኖ የሚመለስበት ሌሊት አለ። ከዚያ ሪፖርቱ ግርጌ ለማን በስንት ሰዓት እንደነገርሽ ጻፊ። ስልክ የማያነሱ ከሆነ በእግርሽ ሂጂ። ሁሉ ነገር እንዲህ አይደለም፤ የልቡ መጠን ደህና ነው ለማለት ማንንም አትቀስቅሺ።

እርግጠኛ ካልሆንሽስ? ያኔ የምትደውዪው ለሲኒየርሽ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰው መቀስቀስ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ግን ብዙዎቻችን ሳናውቅ ስንቀር «ከክሊኒካል ሁኔታው ጋር ይገናዘብ» ብለን እንፈርማለን፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር የስንቱ መደበቂያ እንደሆነች ቤቱ ይቁጠረው።

«ከሰው ይልቅ ምስል ይቀለኛል» ላልሽው ደግሞ፣ እህቴ፣ አልትራሳውንድ ክፍል ስትገቢ ምን ልታደርጊ ነው? እዚህ አገር ከሰዓት በፊት ብቻ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አደርኛ የሚናገር በሽተኛ ይተኛልሻል። አንዴ ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር እናት ጉበቷን ለማየት «ትንፋሽሽን ሳቢና ያዢ» እያልኳት ዝም ብላ ታየኛለች። ድምፄን ከፍ ባደርግ መስሎኝ ጮህኩ። ጽዳት የምትሠራዋ ልጅ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጥታ አንድ ቃል ተናገረቻት፣ ጉበቱ በአንዴ ከጎድን አጥንት ሥር ወርዶ ታየኝ። በማግሥቱ ያንን ቃል ከአማርኛ ውጭ ባሉት በሦስቱም ቋንቋ መዳፌ ላይ ጽፌ ነው የገባሁት።

አንድ ነገር ግን ላንቺ እፈርዳለሁ። ሰው ፊት መውቀስ ማስተማር አይደለም፤ ዲዩቲ ከመጀመርሽ በፊት የትኛው ግኝት ለማን በምን ያህል ጊዜ እንደሚነገር ሊያሳይሽ ይገባ ነበር። ሂጂና ለብቻው አናግሪው። «ስደውል አጠገቤ ሆነህ ስማኝ» በይው። ከወቀሰሽ ሰው ይሄን መጠየቅ ይከብዳል፣ ግን እምቢ የሚል አይመስለኝም።

እስከዚያው የድንገተኛ ክፍልን፣ የኦአርንና የሲኒየርሽን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈሽ ፊልም የምታይበት ጋ ለጥፊው። የኔ አሁንም እዚያው አለ፣ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ግማሹ ቁጥርም ተቀይሯል፤ እኔም ዛሬ ላስተካክለው።