«ኮምፕሌይን ኦፍ» እና «ኮምፕሌይን አባውት» ለየቅል ናቸው

እህቴ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያ ሥራ ልትፈተኚ መሆኑን ገልጸሽ፣ «ኮምፕሌይን» (ማማረር፣ ቅሬታ ማቅረብ) ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስ በኋላ የሚገባው «አባውት» ነው ወይስ «ኦፍ» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ከተማ በዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ፣ በተረኛ መዝገብ ላይ የሚጻፈውን እያሰብኩ እመልስልሻለሁ።

1. እኛ «አገልግሎቱን አማረረ» ስለምንል «ኮምፕሌይንድ ዘ ሰርቪስ» ብለን መጻፍ ይቀናናል፤ ትክክሉ «ኮምፕሌይንድ አባውት ዘ ሰርቪስ» ነው። ቅሬታው የቀረበለት ሰው ደግሞ «ቱ»ን ይፈልጋል፦ «ኮምፕሌይንድ ቱ ዘ ማናጀር»።

2. በየመሥሪያ ቤቱ «ኮምፕሌን አለኝ» ሲባል የምንሰማው ስም በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ «ት» አለው፤ «አይ ሃቭ ኤ ኮምፕሌይንት» በዪ።

3. «ኦፍ»ን በዋዛ አትለፊው። በመደበኛ ጽሑፍ ስለ ጫጫታና ስለመሳሰለው ቅሬታም ሊገባ ይችላል፤ ዋና አገልግሎቱ ግን የሕመም ስሜትን መናገር ነው፤ ሐኪሞችም የታማሚውን ቃል ሲመዘግቡ ይጠቀሙበታል። «ሺ ኮምፕሌይንድ ኦፍ ስተማክ ፔይን» ማለት ሆዷን እንዳመማት ተናገረች ማለት እንጂ ማንንም ከሰሰች ማለት አይደለም። ቀድሞ በሠራሁበት ሆቴል የሌሊት ተረኛዋ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር አጥርታ ጽፋ ወጣች። ጠዋት የገባው ኃላፊ «ኮምፕሌይንድ» የሚለውን ብቻ አይቶ፣ እንግዳዋ በምግቡ ተማረረች ብሎ ወጥ ቤት ገባና፣ ማታ የዓሣ ጉላሽ የሠራችውን ምግብ አብሳይ በባልደረቦቿ ፊት ሽርጧን እንድታወልቅ አዘዛት። እጇ ዱቄት እንደነካው ቆማ ቀረች። መዝገቡን ይዤ ሄጄ «ኦፍ» የሚለውን በጣቴ ባሳየው፣ «ደግሞ አንቺ እንግሊዝኛ ልታስተምሪኝ?» ብሎ አመናጨቀኝ። መልስ ሳልሰጠው ወደ እንግዳዋ ክፍል ደወልኩ። እራት አልበላችም፤ ሕመሙ ከመንገድ ጀምሮ የያዛት ሲሆን፣ ሌሊቱን የጠየቀችውም ሐኪም እንዲጠራላት ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ የጠራላት አልነበረም። ሐኪሙን ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ አብሳይዋም ሽርጧን መልሳ ታጠቀች፤ ይቅርታ የጠየቃት ግን አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቃለ መጠይቁን በተመለከተ፣ «ሃው አር ዩ» ብለሽው «ካንት ኮምፕሌይን» የሚል ፈረንጅ ደህና ነኝ ማለቱ ስለሆነ፣ ምን እንደጎደለው አትጠይቂው። ሥራውን ስትጀምሪ ደግሞ መዝገቡ ላይ እንግዳው የተናገረውን ከጻፍሽ በኋላ፣ በሚቀጥለው መስመር እንዲደረግለት የጠየቀውን በአማርኛ ጨምሪበት። እኔ አሁን ባለሁበት ሆቴል ይህ እንዲለመድ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ጠዋት የሚገባው ተረኛም መጀመሪያ የሚያነበው ያንን መስመር ነው።