መልስ፦ የ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የሐርቫርድና የዬል ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ፕሮግራም ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?

ወንድሜ፣ ቦስተን ጋራዥ ሴል (ሰው ቤቱ ደጃፍ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት) ላይ ያገኘኸው የአሜሪካን ፉትቦል ፕሮግራም፣ ማለትም የጨዋታው ቀን መጽሔት፣ ከነቲኬቱ ቁራጭ ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልወቅ ብለሃል። ከሁሉም በፊት ላሚኔት እንዳታስደርገው! ፕላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ በቃ፣ ሰብሳቢዎች ዞር ብለው አያዩትም።

መሃሉን ግለጥና ገጾቹን የያዘውን ሽቦ እይ። በዚያን ጊዜ ህትመት ላይ ሽቦው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ዝጎ ዙሪያውን ቡናማ ያደርገዋል፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ሽቦው ብቻ እያብረቀረቀ ከሆነ ተጠራጠር። ፎቶዎቹንም በአጉሊ መነጽር ተመልከት። የድሮ ህትመት በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉት፣ በቤት ፕሪንተር የወጣ ኮፒ ግን ነጠብጣቡ ዝብርቅርቅ ያለ ነው።

ቲኬቷን ደግሞ አደራ። ፕሮግራሙን ሰው ለማስታወሻ ያስቀምጠዋል፣ ቁራጯን ግን ጨምድዶ ይጥላታል፤ ስለዚህ እሷን ማግኘት ይከብዳል።

ጨዋታውማ ልዩ ነው! ኖቬምበር 23 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ሳይሸነፉ መጥተው፣ ሐርቫርድ 42 ሰከንድ ሲቀረው 29 ለ 13 እየተመራ፣ በዚያች ቅጽበት 16 ነጥብ አስቆጥሮ 29 ለ 29 ወጡ። የሐርቫርድ ተማሪዎች ጋዜጣ «ሐርቫርድ ዬልን 29 ለ 29 አሸነፈ» ብሎ ጻፈ። ተዋናዩ ቶሚ ሊ ጆንስም ያን ቀን ለሐርቫርድ ተጫውቷል፤ የተጫዋቾቹ ዝርዝር ውስጥ ጆንስ የሚለውን ፈልግ።

የሽፋኑንና የሽቦውን ፎቶ በቅርበት አንስተህ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን። እስከዚያው አሲድ በሌለው ፎልደር አድርገህ ከፀሐይ አርቀው።