ከማይኤስኪውኤል 5.7 ወደ 8.0፦ ደንበኛ ላይ ከመጫናችን በፊት (ጥያቄና መልስ)

ጦሳ፦ የሰው ሰርቨር የምናስተዳድር ሁሉ አንድ ችግር ላይ ነን፤ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ የ5.7 ድጋፉ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2023 አብቅቷል። ጠይቁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ የደንበኛውን ሰርቨር የሙከራ ቅጂ ከማስነሳታችሁ በፊት ከቅጂው የሚወጣውን ሜይል ዝጉ። ፖርት 25፣ 465፣ 587። አለበለዚያ ቅጂው ለደንበኞቻችሁ ደንበኞች የድሮ ደረሰኝ ይልካል።

የባቲው፦ ጋሼ፣ አዲስ ሰርቨር ላይ 8.0 ጭኜ አየሁት፤ ምንም ችግር የለውም። ይበቃል?

ጦሳ፦ ባዶ ሰርቨር ላይ የማይሠራ ነገር የለም። የደንበኛውን የትናንት ባክአፕ አውጥተህ ቅጂ ሥራ፤ በዚያው ባክአፑ የሚመለስ መሆኑን ታያለህ። ሜይል ዝጋ፣ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳውን ሥራ) አጥፋ፣ የክፍያ ቁልፎቹን በሙከራ ቁልፍ ተካ። ቀጥለህ ማይኤስኪውኤል ሼል በሚባለው የትእዛዝ መስጫ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የአፕግሬድ መፈተሻ ገና 5.7 ሳለ አስኪደው። «ግሩፕስ» ወይም «ራንክ» የሚባል ሠንጠረዥ ወይም ዓምድ ካለህ ይነግርሃል፤ 8.0 ላይ ሁለቱም የተያዙ ቃላት ናቸው፣ ዳታቤዙ ለራሱ ትእዛዝ ይዟቸዋል። ድረ ገጹ የተጻፈበትን የፒኤችፒ ኮድህን ግን አያይልህም። እሱን ገጽ በገጽ ከፍተህ፣ ገብተህ፣ ትእዛዝ አዝዘህ፣ ሪፖርት አውጥተህ ነው የምትፈትነው።

ኮምቦልቻ፦ እኔ ጋ ጭራሽ አልነሳም አለ። ምን ላድርግ?

ጦሳ፦ «አልነሳም አለ» ተብሎ አይጠየቅም። የስህተት መዝገቡ መጨረሻ ላይ ምን ጻፈ?

ኮምቦልቻ፦ ኩዌሪ ካሽ ሳይዝ የማይታወቅ ቫሪያብል ነው ይላል።

ጦሳ፦ እንዲህ በለኝ እንጂ። ኩዌሪ ካሽ፣ የጥያቄ ውጤት ማቆያው፣ 8.0 ላይ የለም፤ መስመሩን ከኮንፊጉ (ከቅንብር ፋይሉ) አውጣ። እዚያው ፋይል ላይ ኤስኪውኤል ሞድ በሚለው መስመር ውስጥ «ኖ አውቶ ክሬት ዩዘር» ካለም አብረህ አውጣው፤ ቀጥሎ የሚያቆምህ እሱ ነው።

መርሳ፦ ካልሆነ ወደ 5.7 እንመልሰዋለን አይደል? ስናፕሾት (የዲስኩ የቅጽበት ቅጂ) አለን።

ጦሳ፦ አይመለስም። 8.0 አንዴ የነካውን የዳታ ፋይል 5.7 አያነበውም። መመለሻህ ከአፕግሬዱ በፊት የወሰድከው ቅጂ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገባው ትእዛዝ ይቀራል፣ ደንበኛው ይህን ቀድሞ ይወቅ። ስናፕሾት ደግሞ እዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ዳምፕ አውጣና፣ ማለትም ዳታውን በሙሉ ወደ ፋይል ጽፈህ፣ ሌላ ማሽን ላይ አስቀምጥ።

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ እኛ ጋ ሙከራው ላይ አማርኛው በሙሉ ተበላሸ።

ጦሳ፦ አሁን ቁም ነገር መጣ። ምን ሆኖ ይታያል? የጥያቄ ምልክት ወይስ የማይነበብ የላቲን ፊደል?

ሐይቅ ዳር፦ የላቲን። ሁሉም ቃል አናቷ ላይ ጭረት ባላት ትንሿ «ኤ» ይጀምራል።

ጦሳ፦ አብሽሪ፣ ዳታሽ አለ። በዩቲኤፍ-8፣ ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ደንብ፣ የኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያቺ «ኤ» እሷ ናት። የድሮው ዓምድ ላቲን1 (የላቲን ፊደል ብቻ የሚያውቀው የድሮ ደንብ) ተብሎ ተፈጥሯል፣ ኮዱ ግን የአማርኛ ባይት ሲከትበት ኖሯል። አስገቢውም አውጪውም እኩል ስለተሳሳቱ በትክክል ይታይ ነበር። ኮዱ የፊደሉን ዓይነት ካልነገረው ግንኙነቱ የሰርቨሩን ነባሪ ይወስዳል፤ ነባሪው 8.0 ላይ ከላቲን1 ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (ማይኤስኪውኤል ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 የሚጠራበት ስም) ተቀየረ። ነገሩ የተጋለጠው ያኔ ነው።

ለማረጋገጥ «ሰላም» የሚል መዝገብ ፈልጊና ርዝመቱን በፊደልም በባይትም አስቆጥሪ። 3 እና 9 ካለሽ ጤነኛ ነው። 9 እና 9 ከሆነ ያልኩሽ ነው። ፊደሉ 9 ሆኖ ባይቱ ከ9 ከበለጠ አንድ ሰው ቀድሞ «አስተካክሎታል»፣ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው።

9 እና 9 ከሆነ ዓምዱን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንዳትቀይሪው፣ ሁለት ጊዜ የሚቀየረው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ወደ ብሎብ፣ ከዚያ ከብሎብ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቴክስት። ብሎብ ፊደል ስለማያውቅ ባይቱን አይነካውም። ይህም ቅጂው ላይ ይሁን። የጥያቄ ምልክት የሆነ መዝገብ ካገኘሽ ግን ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከባክአፕ ካልሆነ አይመጣም።

ሸዋበር፦ ስለ ፊደል ከተነሳ፣ «ሐይቅ» ብለው ሲፈልጉ «ሀይቅ» ተብሎ የገባው አይወጣም። 8.0 ይፈታዋል?

መርሳ፦ ትክክሉ «ሐይቅ» ነው። ተሳስቶ ለጻፈ ሰው ዳታቤዝ ምን ያድርግ?

የባቲው፦ ሰው ስልኩ ላይ የቀረበውን ነው የሚጽፈው፤ ሆቴል ፈላጊውን ፊደል ልታስቆጥረው ነው?

መርሳ፦ ቢቆጥር ምን ይጎዳዋል?

ጦሳ፦ አይፈታውም። ለዳታቤዙ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ናቸው። ሌላ የመፈለጊያ ዓምድ ፍጠርና ሲገባም ሲፈለግም ሁሉን ወደ አንዱ አምጣ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። ክርክሩን ቡና ላይ ጨርሱት።

የባቲው፦ ሥራው ሌሊት 9 ሰዓት እንዲሆን ክሮን ላይ 9 ብዬ ጻፍኩ።

ጦሳ፦ ሰርቨሩ ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ የሱ 9 የኛ ቀን 6 ሰዓት ነው። የኛ ሌሊት 9 ለሱ 0 ነው። ነጋዴ ደንበኛ ካለህ ደግሞ የእሑድን ሌሊት ተወው፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው።

ኮምቦልቻ፦ ተነሳልኝ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ዲስኩ በየቀኑ እየሞላ ነው።

ጦሳ፦ ቢንሎግ ነው፣ የዳታ ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል። 8.0 ላይ በነባሪ ይበራል፣ 30 ቀንም ይቆያል፣ 2,592,000 ሰከንድ። ሬፕሊካ (ከዚህኛው እየቀዳ የሚሄድ ሌላ ሰርቨር) ከሌለህ 259,200 አድርገው፣ 3 ቀን ነው። ፋይሎቹን በእጅህ እንዳትሰርዝ።

መርሳ፦ ከ5.7 በቀጥታ ወደ 8.4 ብንዘልስ?

ጦሳ፦ አይቻልም። በ8.0 በኩል፣ ፍተሻውም በየደረጃው እንደ አዲስ።

ሸዋበር፦ ማሪያዲቢ፣ ከማይኤስኪውኤል የወጣው ሌላ ዳታቤዝ፣ አይሻልም?

ጦሳ፦ ሌላ ጊዜ።

ወልድያ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዘግይቼ ገባሁ። የደንበኛውን ቅጂ አሁን አስነሳሁት። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

ጦሳ፦ ሜይሉን ዘግተሃል?

ወልድያ፦ የቱን ሜይል?

ጦሳ፦ ማሽኑን አጥፋው። አሁኑኑ። ከዚያ ኔትወርኩን ነቅለህ አስነሳና የሜይል ወረፋውን እይ፤ ያልወጣ ካለ ሰርዝ። የወጣውን ቆጥረህ ለደንበኛው አንተው ደውልለት።