ኢየሩሳሌም ሄደህ ምንም ባይሰማህስ?

ልጆቼ፣ የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ልትሳለም ነው፣ ባለፈው ቡና እየጠጣን "ጋሼ ግን እዛ ደርሼ ምንም ባይሰማኝስ?" አለችኝ። እኔንም የገጠመኝ እሱ ነበር፣ ለሷ የነገርኳትን እናንተም ስሙት ብዬ ነው።

እኔ ሙያዬ ግንባታ ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ ድንጋይና ሲሚንቶ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጎልጎታ በሩ ላይ ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ግድግዳ ነው የማየው፣ ይሄ የመስቀል ጦረኞቹ ሥራ ነው ያ ደግሞ በኋላ የተጠገነ ነው እያልኩ። ገባ እንዳላችሁ ጌታ ከመስቀል ወርዶ የተገነዘበት የሚባለው ዝርግ ድንጋይ አለ፣ ሰው እየተንበረከከ ይስመዋል። እኔ ግን አንብቤ ነው የሄድኩት፣ ቤተክርስቲያኑ በፈረንጆቹ 1808 ተቃጥሎ ሲታደስ አሁን ከላይ የሚታየው ድንጋይ 1810 ላይ የተነጠፈ እንደሆነ አውቃለሁ። "ይሄ እኮ ያኛው አይደለም" የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፣ ዝም ብዬ ቆምኩ።

አጠገቤ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ከፌስታል አዲስ አቡጀዲ አወጡና ድንጋዩ ላይ ዘረጉት፣ ጠርዙን እያስተካከሉ፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ልክ ለእንግዳ አልጋ እንደሚያነጥፍ ሰው። ድንጋዩ ላይ ያለው ቅባት ጨርቁ ላይ ወጣ ወጣ አለ። መገነዣቸው ነው። ቀና ሲሉ አዩኝና "ያንተስ ልጄ?" አሉኝ። ባዶ እጄን ነበርኩ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ አንገቴ ላይ የነበረችውን ነጠላ አውልቄ እሳቸው እንዳደረጉት አደረግኩ፣ ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ድንጋዩማ 1810ም ይሁን፣ እኚህ ሴትዮና ከሳቸው በፊት የመጡት ሁሉ የተንበረከኩት እዛችው ቦታ ላይ ነው፣ እኔም በነሱ በኩል ነው የገባሁት። እጄ እስከ ማታ ቅባቱን ቅባቱን ይሸት ነበር።

ስለዚህ አንብቡ፣ አትሂዱ ሳታነቡ፣ ግን ያነበባችሁት በናንተና በቦታው መሀል አይቁም። ሞባይሉን መጀመሪያ ኪስ ውስጥ ክተቱት፣ ፎቶው የትም አይሄድም። በአንድ ቀን ስድስት ቦታ የሚያሯሩጥ ፕሮግራም ከሆነ ሁለቱን ተዉትና አንዱ ጋ ቁጭ በሉ። ካልተሰማችሁ ደግሞ የተሰማችሁ አታስመስሉ፣ እግዜር አይቸኩልም።

ዴር ሱልጣንን፣ የኛን ገዳም ደግሞ አደራ። ከጎልጎታው ግቢ በስተቀኝ በትንሿ በር ገብታችሁ፣ ቅዱስ ሚካኤልን ተሳልማችሁ፣ በደረጃው አርባዕቱ እንስሳ ስትደርሱ የንግሥተ ሳባ ትልቅ ሥዕል አለ፣ ከዛ የጎልጎታው ቤተክርስቲያን ጣራ ላይ ትወጣላችሁ። የኛ መነኮሳት የሚኖሩት እዛ ጣራ ላይ ነው፣ ጎንበስ ብለህ የምትገባባቸው ትናንሽ ጎጆዎች ውስጥ። ከግብጾቹ ጋር ያለው የይዞታ ክርክር ዛሬም አላለቀም፣ አባቶች በችግር ተጣብቀው ነው ያቆዩልን። ሮጣችሁ አትለፉ፣ እጅ ነስታችሁ "አባ እንዴት ኖራችሁ" በሏቸው፣ እሳቸው የሚነግሯችሁን ጋይድ አይነግራችሁም።

ይሄ ለክርስቲያን ብቻ አይደለም። አብሮኝ የሰራ ሙስሊም ወዳጄ ውቅሮ አጠገብ ነጋሽ ሄዶ ነበር፣ ከመካ ተሰደው በሀበሻው ንጉሥ የተጠለሉት ሶሃባዎች፣ የነቢዩ መሐመድ ባልደረቦች ማለት ነው፣ የሚታሰቡበት ቦታ። እሱን የነካው ደርሶ ያየው ሳይሆን መንገዱ ነው፣ ከባህር ጀምሮ ያንን ሁሉ ዳገት በባዕድ አገር፣ ይቀበሉን ይሆን እያሉ ሲወጡ ታየኝ አለኝ። ዛሬም ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል።

የእህቴ ልጅ የፊታችን ሳምንት ትበራለች። አቡጀዲ ገዝቼ አጣጥፌ ሰጥቻታለሁ፣ ጠርዙን አስተካክለሽ ዘርጊልኝ ብያታለሁ።